ከመወሰናችሁ በፊት ንገሩን፦ ከኮምቦልቻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣
ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን፣
በከተማችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለያዛችሁ ኃላፊዎች፣
ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ ላላችሁ የውጭ ኩባንያዎችና ባሕር ማዶ ላሉት ዋና መሥሪያ ቤቶቻችሁ፣

ጉዳዩ፦ ሠራተኛ ስለሚሠራበት ድርጅት በጊዜ የማወቅና የመመካከር መብት

ጤና ይስጥልን፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ወሬ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኛ ጋ የውጭ ኩባንያ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ስለ ፋብሪካው የሚሰማው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው። ላይን (የስፌት መስመር) ሲታጠፍ፣ ትዕዛዝ ሲቀንስ፣ ባለቤት ሲቀየር፣ ማሽን ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሲጫን መጀመሪያ የሚያውቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ቀጥሎ እዚህ ያሉት የውጭ አገር ኃላፊዎች ያውቃሉ። ከዚያ ኤችአር፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ማለት ነው። ከዚያ የሰርቪስ ሹፌሩ፣ ምክንያቱም "ከሰኞ ጀምሮ በሐርቡ በኩል አትሄድም" ይባላል። ሠራተኛው ከሹፌሩ ይሰማል። እንግዲህ ኑሮውን በዚያ ደሞዝ ላይ የመሠረተው ሰው የመጨረሻው ሆነ ማለት ነው።

ይህ እንዲቀየር ነው የምጽፈው። ፋብሪካ በፍጹም አይዘጋ፣ ሠራተኛ በፍጹም አይቀነስ የሚል የዋህነት የለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውሳኔው ገና ውሳኔ ሳይሆን ንገሩን፤ የምንለውን ስሙ፤ ከዚያ ወስኑ።

ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በውጭ ኩባንያ ፋብሪካ መጀመሪያ ስፌት ላይ፣ በኋላ ጥራት ቁጥጥር ላይ ሠርቻለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። የማንንም ስም ለማንሳት አልተነሳሁም፣ ደግሞም ከሌሎች ፋብሪካዎች ከወጡ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ የሁላችንም ታሪክ አንድ ዓይነት ነው።

እኛ ጋ የሆነው እንዲህ ነው። ወሬው ከመጋዘን ጀመረ። ጨርቅ የሚያራግፉት ልጆች "ኮንቴይነር መምጣት አቁሟል" አሉ። ቀጥሎ ኦቨርታይም ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ላይን አንድ ተደረገ፣ የተረፉት ማሽኖች ጥግ ላይ ተደርድረው በላስቲክ ተሸፈኑ። ሱፐርቫይዘራችንን ስንጠይቃት "እኔም እንደናንተው ነኝ፣ የሰማሁት የለም" አለችን። እውነቷን ነበር፤ ለእሷም የነገራት አልነበረም። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊንገር ከምንነካበት፣ በጣት አሻራ መግቢያ ሰዓታችንን ከሚመዘግበው ማሽን በላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። እንግሊዝኛ ነው፣ ማኅተም አለው። ፊንገር ለመንካት የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ያያል፣ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች አንዲት ልጅ ጮክ ብላ በአማርኛ ትነግረን ጀመር። ወረቀቱ ላይ ማን እንደሚቀነስ የለም፣ ለምን እንደሚቀነስም የለም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አለ። ኋላ ያለው ሰልፍ ይገፋል፣ ሰዓት እንዳያልፍበት፤ ምክንያቱም ያን ቀን ያረፈደ ሰውም ይቆረጥበታል።

ከሰዓት ካንቲን ሰበሰቡን። ሥራ አስኪያጁ ረዘም አድርጎ ተናገረ፣ አስተርጓሚው አሳጠረው። ጥያቄ ካለ ተባለ። ከቃሉ ገጠር የመጣ አንድ ወንድማችን ተነሳና "ሥራው የቀነሰው ትዕዛዝ ጠፍቶ ነው ወይስ ወደ ሌላ አገር ወስዳችሁት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማንም ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ትዕዛዝ ጠፍቶ ከሆነ ሊመለስ ይችላል፣ ሰውም እየተፈራረቀ በግማሽ ቀን ሠርቶ ሊጠብቅ ይችላል። ተወስዶ ከሆነ ግን አይመለስም፣ ሰው ቁርጡን አውቆ ሌላ መፈለግ አለበት። መልሱ ግን "ውሳኔው የዋናው መሥሪያ ቤት ነው" የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ እጁን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ያን ሰሞን አንዷ ጓደኛዬ ዕቁብ ደርሷት ብሩን ለወንድሟ ባጃጅ ቀብድ ሰጥታ ነበር። ሌላዋ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ ውስጥ እንድትሠራ ተጠርታ "እኔ ቋሚ ሥራ አለኝ" ብላ እምቢ ያለችው ከወረቀቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከወረባቦና ከተሁለደሬ መጥተው ክፍል ተጋርተው የተከራዩት ልጆች ደግሞ የቤት ኪራዩን በቅድሚያ ከፍለዋል። ፋብሪካው ሊቀንስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ቢሮው ከካንቲኑ ማዶ ነው። ለነዚህ ሴቶች የማወቅ መብት ማለት ቀብዱን አለመስጠት፣ ሥራውን እምቢ አለማለት፣ ኪራዩን አለመክፈል ነው። ይህን ያህል ቅርብ፣ ይህን ያህል ተራ ነገር ነው።

ከተማችን ያሳለፈችውን ታውቃላችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ሰው በተስፋ ነው የተቀበለው፤ ስንቱ ወጣት ከገጠር ነቅሎ ገባ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ፣ ፓርኩም ተዘረፈ። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ገበያዋ ከምንገባበት ዕድል፣ አወጣች። ሀዋሳ የነበረው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ገና ዕገዳው ሥራ ላይ ሳይውል በኅዳር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ። እነዚህን ነገሮች ያመጣው የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አይደለም፣ እኛም አይደለንም። ጦርነት ባለበት ማምረት እንደማይቻል፣ ገበያ ሲዘጋ ትዕዛዝ እንደሚቀር ማንም ሠራተኛ ይገባዋል። እንዲያውም ከማንም በላይ ይገባዋል፣ ያኔ ልጁን አዝሎ በእግሩ የወጣው እሱ ነውና። ግን ሊገባው የሚችለው ሲነገረው ነው። አጎዋ ሲቀር የትኛው ላይን ለአሜሪካ ገዢ እንደሚሠራ፣ የትኛው ለአውሮፓ እንደሚሠራ ኩባንያው ያውቃል። እኛ የምናውቀው ልብሱ ላይ የምንሰፋውን መለያ ብቻ ነው።

አሁን እነዚሁ ኩባንያዎችና ብጤዎቻቸው በራሳቸው ሰፈር እንዴት እንደሚሠሩ ልንገራችሁ።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ መመሪያ ወጣ፤ ቁጥሩ 94/45 ነው። በ2009 ተሻሽሎ 2009/38 ሆነ። የሚለው እንዲህ ነው። በኅብረቱ አገሮች በድምሩ ቢያንስ 1,000 ሠራተኛ ያለው፣ ከነዚህም ውስጥ ቢያንስ በሁለት አገሮች በእያንዳንዳቸው 150 እና ከዚያ በላይ የሚያሠራ ኩባንያ፣ ሠራተኞቹ ከጠየቁ የአውሮፓ የሠራተኞች ምክር ቤት እንዲቋቋም መደራደር አለበት። ለመጠየቅ ከሁለት አገር የተውጣጡ 100 ሠራተኞች ወይም ተወካዮቻቸው ይበቃሉ። ሁለቱ ወገኖች መስማማት ካቃታቸው መመሪያው ራሱ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ደንብ ይሠራል። በዚያ ደንብ መሠረት ምክር ቤቱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ከዋናው ሥራ አመራር ጋር ይቀመጣል። የሚነገረውም ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ የኩባንያው የገንዘብ አቋም፣ ምርትና ሽያጭ ወዴት እያመራ እንደሆነ፣ የቅጥር ሁኔታ፣ አዲስ አሠራር፣ ምርትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማዛወር፣ መቀላቀል፣ መዝጋትና የጅምላ ቅነሳ። ወጪውን የሚችለው ኩባንያው ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ስለ ጊዜው የሚለውን ነው። መረጃው ተወካዮቹ ነገሩን በደንብ መርምረው ሐሳባቸውን ለመስጠት በሚያስችላቸው ጊዜና መልክ መቅረብ አለበት ይላል። ወረቀት ለጥፎ ማግሥቱን ማባረር ከዚህ ጋር አይሄድም። በየአገሩ ውስጥ ላሉ ድርጅቶች ደግሞ 2002/14 የሚባል ሌላ መመሪያ አለ፤ እንደ አገሩ ምርጫ 50 ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ወይም 20 ሠራተኛ ያለውን የሥራ ቦታ ይመለከታል። የኛን አንድ ሼድ፣ አንዱን የፋብሪካ አዳራሽ፣ አስቡት፤ ስንት እጥፍ ሰው ነው ያለው።

አውሮፓውያኑ እዚህ የደረሱት ብዙ ተጎድተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አክዞ የሚባል በኔዘርላንድና በጀርመን የተመሠረተ ኩባንያ 5,000 ያህል ሠራተኛ ለመቀነስ ተነሳ። ፋብሪካ ያለው በብዙ አገር ነው። ሠራተኛ ማባረር በየትኛው አገር ርካሽ እንደሆነ አስልቶ፣ ርካሽ በሆነበት አገር ብዙውን ሰው ለመቀነስ መረጠ። ያ ነገር ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ፣ በ1975 ስለ ጅምላ ቅነሳ የመጀመሪያው የጋራ መመሪያ ወጣ። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ኮምቦልቻን ነው። በብዙ አገር የሚሠራ ኩባንያ ሁልጊዜ ያነጻጽራል፣ ሥራው ነው። ሕግ የሚያስጨንቀው፣ ሠራተኛው የሚጠይቀው፣ መንግሥት ደብተር የሚያስከፍተው አገር አንድ ወገን አለ። ዝም የሚባልበት አገር ሌላ ወገን አለ። ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው የትኛው እንደሆነ መገመት ከባድ አይደለም። ስለዚህ "ሠራተኛውን ዝም ካሰኘነው ኢንቨስተሩ ይቆይልናል" የምትሉ ሰዎች ካላችሁ፣ ስሌቱን ደግማችሁ ሥሩት። ዝምታችን መውጫውን ነው የሚያረክሰው።

ሁለተኛው የሬኖ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 የፈረንሳዩ ሬኖ ቤልጂየም ቪልቮርድ ያለውን የመኪና ፋብሪካ እንደሚዘጋ በድንገት አሳወቀ። 3,100 ያህል ሠራተኛ ነበር። ሬኖ የራሱ የአውሮፓ የሠራተኞች ምክር ቤት ነበረው፣ ግን አስቀድሞ አላማከረውም። ሠራተኛው በቤልጂየም ብቻ አልቀረም፤ ፈረንሳይና ስፔን ያሉት የሬኖ ሠራተኞችም አብረው ሥራ አቆሙ። ጉዳዩ የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱም ኩባንያው የማሳወቅና የማማከር ግዴታውን አልተወጣም አለ። ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ሙሉውን ልናገር፤ ፋብሪካው ከመዘጋት አልዳነም። ግን በተገኘው ጊዜ ሠራተኞቹ ስለ ካሳቸውና ስለ ቀጣይ ሥራ በርትተው ተደራደሩ፣ ቤልጂየምም በሚቀጥለው ዓመት ከመዝጋት በፊት ማማከርን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣች፤ እስከ ዛሬ የሬኖ ሕግ እየተባለ ይጠራል። መመካከር ሁሉንም ነገር አያድንም። ሰው እንደ ዕቃ እንዳይጣል ግን ያደርጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እኛን እንዴት ይመለከታል? በቀጥታ አይመለከተንም፣ ችግሩም ይኸው ነው። የአውሮፓው ምክር ቤት ሕግ የሚቆጥረው አውሮፓ ያለውን ሠራተኛ ነው። ጣሊያን ወይም ፈረንሳይ ያለች የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ ስለ ኩባንያው የምትሰማው መብቷ ሆኖ ነው፤ ለዚያው ኩባንያ ኮምቦልቻ የምትሰፋዋ ግን የትም አትቆጠርም። የፋብሪካው ዕጣ ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚወሰነው።

ግን ከፈለጉ ይቻላል። የጀርመኑ መኪና አምራች ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ፋብሪካዎቹን ተወካዮች ጭምር የያዘ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት አለው። በልብስ ሥራው ዘርፍ የስፔኑ ኢንዲቴክስ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የስዊድኑ ኤችኤንድኤም በ2015 ከዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ጋር ዕቃ የሚያቀርቡላቸውን ፋብሪካዎች ጭምር የሚመለከት ስምምነት ፈርመዋል። ሕግ ሳያስገድዳቸው ነው የፈረሙት። እናንተስ?

ደግሞ ግዴታ የለብንም ለማለት አትቸኩሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ብዙ አገር ኩባንያዎች ያወጣው፣ በ2017 ያሻሻለው መግለጫ አለ። በቅጥር ላይ ከባድ ውጤት ያለው ለውጥ ያሰበ ኩባንያ ለመንግሥትና ለሠራተኛ ተወካዮች በቂ ማስታወቂያ አስቀድሞ እንዲሰጥ ይላል። ኦኢሲዲ የሚባለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ መመሪያ አለው። ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አሜሪካ፣ ቱርክ ተቀብለውታል፤ ኩባንያዎቻቸው በሄዱበት አገር ሁሉ እንዲከተሉትም ይጠብቃሉ። በዚያ መመሪያ ውስጥ የሠራተኛ ተወካዮች የፋብሪካውን ብቻ ሳይሆን እንደ ሁኔታው የኩባንያውን አጠቃላይ እውነተኛ አቋም የሚያሳይ መረጃ ማግኘት አለባቸው ይላል። ሌላም ይላል፤ ተወካዮቹ ሲደራደሩ ለመወሰን ሥልጣን ካለው ሰው ጋር መሆን አለበት። "ውሳኔው የዋናው መሥሪያ ቤት ነው" የተባለው ያ ወንድማችን ይህን ቢያውቅ ኖሮ "እንግዲያው ዋናውን መሥሪያ ቤት አገናኙን" ይል ነበር። እነዚህ አገሮች ቅሬታ የሚቀበል ቢሮ እንዲኖራቸው ቃል የገቡ ናቸው፤ ቅሬታውን የሠራተኛ ማኅበር ማቅረብ ይችላል፣ ከኮምቦልቻም ቢሆን። ማስገደድ አይችልም፣ ጠርቶ ማነጋገርና መግለጫ ማውጣት ግን ይችላል። ስሟን የምትሸጥ ኩባንያ ይህን ቀላል አድርጋ አታየውም።

ወደ አገራችን ሕግ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሚኒስቴሩን የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 29 አለ። ቅነሳ ማለት ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶውን የሚነካ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው የሚነካ እንደሆነ ይተረጉማል። በዚህ ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር መመካከር አለበት። ጥሩ ነው። ግን ምክክሩ የሚያተኩረው ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ በሚለው ላይ ነው፤ ሙያና ምርታማነት፣ ቀጥሎ የአገልግሎት ዘመን፣ የቤተሰብ ብዛት እያለ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ቅነሳው ይቀር ይሆን፣ ያንስ ይሆን፣ ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን የሚለው ጥያቄ ቦታ አላገኘም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላ ነገር ግን በእጃችን አለ። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ውል ማቋረጥ የሚደነግገውን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 13 አሠሪው በኢኮኖሚ ወይም በመሰል ምክንያት ሰው ለማሰናበት ሲያስብ ለሠራተኛ ተወካዮች በጊዜው ምክንያቱን፣ የሚነኩትን ሰዎች ብዛትና ዓይነት፣ የሚፈጸምበትን ጊዜ እንዲያሳውቅ ይላል። ስንብቱን ለማስቀረት ወይም ጉዳቱን ለመቀነስ ምን ቢደረግ ይሻላል በሚለው ላይም የመመካከር ዕድል መስጠት አለበት። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 9 ያጸደቅናቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ታዲያ ይህ አንቀጽ ከፋብሪካ በር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? የሥራ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ሲገባ የእሳት ማጥፊያውንና መጸዳጃ ቤቱን እንደሚያየው ሁሉ፣ የምክክር ቃለ ጉባኤ የት አለ ብሎ ሲጠይቅ እኔ አላየሁም።

ገንዘቡን በተመለከተ ባጭሩ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በቅነሳ ለሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ከሥራ ስንብት ክፍያው በተጨማሪ የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደሞዝ በ60 ተባዝቶ ይከፈላል። ፋብሪካው ለሌላ ባለቤት ከተሸጠ ደግሞ መሸጡ ብቻውን የሥራ ውል አያቋርጥም። ከማኅበር ጋር የሚደረግ የኅብረት ስምምነትም ሠራተኛው በዝውውር፣ በቅነሳ፣ በዲሲፕሊን ጉዳይ የሚሳተፍበትን መንገድ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም፤ በኅብረት ስምምነት ዛሬውኑ መጻፍ ይቻላል።

የሚነሱትን መቃወሚያዎች አውቃቸዋለሁ፤ ስንጠይቅ የኖርን ነንና። "የኩባንያ ሚስጥር ነው" ይባላል። የአውሮፓውም ሕግ ሚስጥር እንዲጠበቅ ያዛል፤ ተወካዮቹ በአደራ የተነገራቸውን አያወጡም፣ እምነት ያጎደለ ይጠየቃል። ይህ እያለም ስብሰባው ይካሄዳል። እኛ ወሎዬዎች አደራ አናውቅም? የዕቁብ ጸሐፊ፣ የዕድር ዳኛ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ሆነው ለዓመታት የታመኑ ሰዎች በየላይኑ ተቀምጠው እየሰፉ ነው።

"ሠራተኛው አይገባውም፣ አብዛኛው ገጠሬ ነው" የሚለው ደግሞ ያሳምመኛል። በሰዓት ስንት ሸሚዝ እንደሚወጣ፣ ስንቱ እንደሚመለስ፣ የቱ ማሽን በየትኛው ክር እንደሚበጥስ፣ መብራት ሲጠፋ ስንት ደቂቃ እንደሚባክን የሚያውቀው ማነው? ታርጌት ሲወጣለት የሚገባው ሰው ታርጌቱ ለምን እንደተቀነሰ ቢነገረው ይገባዋል። በአማርኛ ይነገረው ብቻ፤ ኦሮምኛ ለሚቀለው በኦሮምኛ። አንዳንዴም መፍትሔው ከላይኑ ይመጣል። እኛ ፋብሪካ አንድ የካቲንግ (የጨርቅ ቆረጣ) ልጅ ጨርቁ አነጣጠፍ ላይ ስንት እንደሚባክን አስልቶ በወረቀት ጽፎ ይዞ ይዞር ነበር፤ ለማን እንደሚሰጠው ግን አላወቀም። ኩባንያው ወጪ በዛብኝ ብሎ ሰው ሲቀንስ እሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ።

"ሠራተኛው ካወቀ ሥራ ይለቃል፣ ምርት ይወድቃል" የሚለው ትንሽ እውነት አለው፣ አልክድም። ግን ሰው ሳይነገረውም ይለቃል፤ ወሬ ሰምቶ፣ ተደናግጦ፣ ያውም ጎበዙ ቀድሞ። ቁርጡን የተነገረው ሰው ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን የሚሠራበት ምክንያት አለው፤ ክፍያው ተጽፎ፣ ቀኑ ታውቆ፣ የምስክር ወረቀቱ ተዘጋጅቶ።

አሁን የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

ሚኒስቴሩንና የከተማችንን ቢሮ፦ የቅነሳ ነገር ሲመጣባችሁ መጀመሪያ የምክክሩን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ማን ተገኘ፣ መቼ ተነገረው፣ ምን ሐሳብ አቀረበ፣ ምን ተመለሰለት። የተወካዮች ፊርማ ወረቀቱ በተለጠፈበት ቀን የተፈረመ ከሆነ ያ ምክክር አልነበረም፤ እንዲህ ብላችሁ መልሱት። የስምምነት 158ን አንቀጽ 13 የሚያስፈጽም መመሪያ አውጡ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑንና አሠሪዎችን ጠርታችሁ፣ እኛንም ከክልል ጠርታችሁ።

ኮርፖሬሽኑን፦ ሼድ ስታከራዩ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቆሻሻ ማጣሪያው በውል ታስቀምጣላችሁ። ተከራዩ ለመቀነስም ሆነ ለመውጣት ሲያስብ የሠራተኛ ተወካዮችን አስቀድሞ እንዲያሳውቅም አንድ አንቀጽ ጨምሩ። የኪራይ ውሉን ለማቋረጥ ሲጽፍላችሁ እኮ እናንተ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ያን ደብዳቤ የምታነቡት እናንተ ስትሆኑ በሩ ላይ የምትፈተሸዋ ልጅ ምንም አታውቅም። ይህ ልክ አይደለም።

እዚህ ያላችሁ ሥራ አስኪያጆች፦ በየሦስት ወሩ ከማኅበሩ ጋር ተቀመጡ፤ ማኅበር በሌለበት ሠራተኛው ራሱ ከመረጣቸው ተወካዮች ጋር። እናንተ የመረጣችኋቸው ልጆች አይቆጠሩም። የሚቀጥለው ትዕዛዝ ስንት ነው፣ ለማን ነው፣ የሚተከል ወይም የሚነቀል ማሽን አለ ወይ፣ ይህን በአማርኛ በጽሑፍ ስጡ። ብዙዎቻችሁ መጥፎ ሰዎች እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ከላይ የሚነገራችሁ ራሳችሁም ዘግይቶ እንደሆነ አይቻለሁ፤ አንዱ ካንቲን ውስጥ ሲናገር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንግዲያው እናንተም ወደ ላይ ጠይቁ።

ዋና መሥሪያ ቤቶችን፦ በአገራችሁ የሠራተኞች ምክር ቤት ካላችሁ ኢትዮጵያ ላሉት ሠራተኞቻችሁ አንድ ወንበር ስጡ። ቪዛ ካስቸገረ በስክሪን ይሁን፣ አስተርጓሚ አስቀምጡ። እዚያ ያላችሁ ተወካዮችም ብትሆኑ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ "የኮምቦልቻው ፋብሪካ ዕቅድ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁልን። የሬኖ ሠራተኞች ፈረንሳይ ሆነው ለቤልጂየሞቹ ቆመዋል።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በየላይኑ ያላችሁ፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። አዋጁ በእናንተ ዓይነት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል፤ ማኅበር ገባህ ብሎ ሰው ማስፈራራትና ማባረር ክልክል ነው። ማኅበር ያላችሁ፣ መሪዎቻችሁን የኅብረት ስምምነቱን አውጥተው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ስለ ቅነሳና ስለ ዝውውር ምን ይላል? አስቀድሞ ማሳወቅ የሚል አለ? ከሌለ ለሚቀጥለው ድርድር ረቂቁን አሁን ጻፉ፤ አዋጁ የድርድር ጥያቄ በጽሑፍ የቀረበለት ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር እንዲቀርብ ያዛል። ማኅበር የሌላችሁ ዕረፍት ቀን ተገናኙ፣ ጀምሩት። አብሽሩ፣ ከባድ መስሎ ነው እንጂ የሚቻል ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እጠብቃለሁ፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ብዙ ሰው። ከሚኒስቴሩም ይሁን ከኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የሚመጣው መልስ የመጀመሪያው የምክክር ስብሰባ የሚደረግበትን ቀንና ቦታ የያዘ ይሁን፤ በአማርኛ ይጻፍ፤ ፊንገር ከሚነካበት ማሽን በላይ ሳይሆን በየላይኑ ለሠራተኛ ተወካዮች በእጃቸው ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምቦልቻ ሠራተኛ